«ገንዘብ ድምፅ ነው» ሲባል፣ የቱ ድምፅ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሜሪካ ምርጫ የሚያወራ ዝግጅት ስሰማ ተንታኙ «እዚያ አገር ገንዘብ ድምፅ ነው ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወስኗል» አለ። አባቴ አጠገቤ ነበሩ። «እንዴ! ብር ያለው ሰው ሁለት ሦስቴ ይመርጣል ማለት ነው?» ብለው ደነገጡ። ላስረዳቸው ብዬ ስጀምር እኔም ግራ ገባኝ። ትርጉሙ ልክ ነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ አባትህ የሰሙትን በትክክል ነው የተረዱት። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። በአማርኛ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣውም ነው፣ ኮሮጆ ውስጥ የሚገባውም ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ የየራሳቸው ቃል አለው። ፍርድ ቤቱ ያወራው ስለ ንግግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ለምርጫ ቅስቀሳ በሚወጣ ወጪ ላይ ጣሪያ ማበጀት የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በሚባለው መዝገብ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ (ይሄኛው የኮሮጆው ዘመድ ነው) ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከእጩው ጋር ሳይመካከሩ ለቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ። ኩባንያ ለፌዴራል እጩ በቀጥታ መስጠት ግን ዛሬም አይችልም። «ገንዘብ ንግግር ነው» የሚለው የውሳኔው ቃል ሳይሆን ሰው ያሳጠረው ነው። ተንታኙ «ንግግር» ቢል ኖሮ አባትህ አይደነግጡም ነበር።

ቢሆንም ድንጋጤያቸውን አልንቀውም። ጉሮሮ ሁሉም ሰው አለው። ሞንታርቦ ያለው ግን ጥቂት ነው። ቢሊየነሩ ኢሎን ማስክ እ.ኤ.አ. በ2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2024 ምርጫ ደግሞ ትራምፕንና ሌሎች ሪፐብሊካን እጩዎችን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ኮሮጆው ጋ ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው ወረቀቱ አንድ ናት። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ግን የማን ጽሑፍ ለስንት ሰው እንደሚደርስ የሚወስነው አልጎሪዝም ያለው በእሱ ኩባንያ እጅ ነው። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የአንዱ ድምፅ ሲጎላ የሌላውን ማንም ሳይከለክለው አይሰማም። ለዚህ «ታፈነ» ማለት ይከብዳል፣ አፋኝ የለማ። «ተዋጠ» የሚለው ይቀርበዋል።

ሌላ መልስ፦
ግሱን እዩ፣ ይነግራችኋል። ድምፅ ከተሰጠ፣ ከተቆጠረ፣ ከተጭበረበረ የኮሮጆው ነው። ከተሰማ፣ ከጎላ፣ ከሰለለ የጉሮሮው ነው። «ድምፀ ተአቅቦ» ግን መሐል ላይ ነው። ዐቀበ በግዕዝ ጠበቀ ማለት ነው። ስለዚህ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ድምፁን አልጣለም፣ እሱው ጋ ጠብቆ አቆየው። እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው!

በ2004 ዓ.ም. የተነሣውን የሙስሊሞች እንቅስቃሴም አስታውሱ፤ «ድምፃችን ይሰማ»። «ይሰማ» ስላለ የጉሮሮው ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን የመጅሊስ አመራሮች በነጻ ምርጫ ይመረጡ የሚል ነበር። ስሙ ሁለቱንም ድምፅ አቅፏል ብዬ አምናለሁ። ያንን ስም ወደ ሌላ ቋንቋ ስትመልሱት ግማሹ ይቀራል።

ሌላ መልስ፦
እኔ «ድምፅሽ ጠፋ» የሚለውን ልጨምር። ከአገር ውጭ ነው የምኖረው። በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ከእናቴ ጋር የምንገናኘው በኢንተርኔት ብቻ ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ያለችኝ «ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋብኝ እኮ» ነው። ቃሉ የናፍቆት ነው፣ ስወደው ኖሬአለሁ። የዚያን ቀን ግን ከነከነኝ። «ጠፋ» ሲባል አጥፊ የለውም፣ በራሱ የሄደ ነገር ይመስላል። እኔም «ይቅርታ እማዬ» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ለምን ይቅርታ እንደጠየቅኩ ራሴን የጠየቅኩት።