ክርክር፦ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂን ከቀጣሪ ጋር ማስተዋወቅ አለበት?

አወያይ፦ ለመወያያ የቀረበው ሐሳብ «ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ከቀጣሪዎችና ከቀድሞ ምሩቃን ጋር የማስተዋወቅ ግዴታ ይኑርባቸው» የሚል ነው። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አቅርቡ።

የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ፦ እቃወማለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንፈተናለን፤ ማለፊያው ለሁሉም 50 በመቶ ነው። ያንን አልፈን ስንወጣ የሚጠብቀን ግን «ሰው አለሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሰው ፈልጉ ሊለን ነው? አዳራሽ ሰብስበው ከሥራ አስኪያጆች ጋር ቢያስተዋውቁን የሚታወሰው ንግግር የሚቀናውና ከተማ ያደገው ልጅ ነው።

መምህር፦ እህቴ፣ ቁጣሽ ይገባኛል። ነገር ግን ዝምድናና ትውውቅ ይለያያሉ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽና። ባለዘመዱ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ቢያስተዋውቀውም ባያስተዋውቀውም ይቀጠራል። እኛ እጃችንን ብንሰበስብ የሚቀረው የገበሬው ልጅ ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ መምህርን እደግፋለሁ። «የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት» ብለን ማስታወቂያ ስናወጣ የሚመጣው ማመልከቻ በካርቶን ነው፤ ደብዳቤው ሁሉ ከአንድ ቦታ የተቀዳ ይመስላል። መለያ ስናጣ በአማካይ ውጤት እንቆርጣለን። እኛ ዘንድ ለልምምድ የቆየን ልጅ ግን ሥራውን አይተነዋል። ያንን ማስቀደም አድልዎ አይደለም።

የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ፦ ልምምዱንስ ማን አገኘው? ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር «ቦታው ሞልቷል» ይባላል፤ አጎቱ እዚያ የሚሠራው ይገባል። በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ። ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌላው የሥራ አፈላለግ ሥልጠናና ችሎታውን መዝኖ የሚመሰክር ወረቀት ተሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ከፍ ብሎ የተገኘው የሠለጠኑትና ወረቀቱን የያዙት ናቸው። ማንም ከማንም ጋር አላስተዋወቃቸውም።

የባንክ ሠራተኛ፦ ዋስን ረሳችሁት። የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፌ «ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጣ» ተባልሁ። ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፤ ቀድሞ ለሌላ ሰው ፈርሞ ከሆነ አይቀበሉትም። ወላጆቼ መሬት እንጂ ደመወዝ የላቸውም። ከተማ ያለው የአክስቴ ልጅ ለወንድሙ ፈርሟል። በመጨረሻ የፈረመልኝ በልምምድ ጊዜ አለቃዬ የነበረ ሰው ነው፤ የሥጋ ዝምድና የለንም። እርሱን ባላውቅ ኖሮ ያለፍሁት ፈተና ምን ይጠቅመኝ ነበር? ችሎታ ብቻ ይታይ ማለት ትክክል ነው፤ ዋስ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ሰው የሌለውን ልጅ ከሰው ማገናኘት የግድ ነው።

የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ፦ ወንድሜ፣ የተናገርኸው እኔንም ያስጨንቀኛል፤ እኔም የምጠራው ዋስ የለኝም። ግን መፍትሔው ሌላ ይመስለኛል። የመድን ድርጅቶች የታማኝነት ዋስትና፣ ማለትም ሠራተኛው ገንዘብ ቢያጎድል ለቀጣሪው የሚከፍል መድን፣ ይሸጣሉ፤ ቀጣሪው ለምን እርሱን አይገዛም? ዩኒቨርሲቲውም ማስተዋወቅ ከፈለገ የልምምድ ቦታዎችን ራሱ ያስፈቅድና ተማሪውን በዕጣ ይመድብ። እንዲህ ከሆነ እደግፋለሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ በዕጣው አልስማማም፤ ማንን እንደምናሠለጥን መምረጥ አለብን። ዋሱን በመድን መተካት ግን ይቻላል። ዓረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ማን ይክፈል?

የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ፦ ቀጣሪው ነው እንጂ! ገና የመጀመሪያ ደመወዟን ያላየች ልጅ ከየት አምጥታ ትከፍላለች?