የሄልሜት መነጋገሪያን ከሞተሩ ኃይል መስጠት፦ ከየትኛው ሽቦ ይወሰድ?

ጮቄ_150፦
ሰላም የሞተር ሰዎች። በሁለት ሄልሜት ላይ የብሉቱዝ መነጋገሪያ ተገጥሟል፣ የነጂውና የኋላው። ከደብረ ማርቆስ በቢቸና አድርጎ ሞጣ ደርሶ መልስ ሲሆን ቻርጁ መንገድ ላይ ያልቃል። ከ12 ወደ 5 ቮልት መቀነሻ ገዝቼ ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጠልኩት። ነዳጅ ሲሰጠው ቻርጅ ያደርጋል፣ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ይቆርጣል፣ መቀነሻው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ጆሮ ላይ ደግሞ ከሞተሩ ዙር ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት አለ። ሞተሩ 150 ሲሲ፣ ባትሪው 12 ቮልት 5 አምፔር አወር ነው። ከየት ልውሰድ? ፊውዙስ ስንት ይሁን?

ኤሌትራውቶ_ቡሬ፦
ወንድም ዓለም፣ መቀነሻውን ዛሬውኑ ከመብራቱ ንቀለው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራት ባትሪውን ሳያገኝ በቀጥታ ከዲናሞው ጥቅል ነው የሚበላው፤ ያ ደግሞ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኃይል) ነው። መቀነሻህ ዲሲ (ከባትሪ እንደሚወጣው ባለ አንድ አቅጣጫ) ይፈልጋል። የሚግለውም የሚቆርጠውም ለዚህ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ መብራቱን እየለካህ ነዳጅ ስጠው፤ ቁጥሩ አብሮ ከወጣ ኤሲ ነው።

ኃይሉን ከባትሪው ፖዘቲቭ ውሰድ። መጀመሪያ ግን የባትሪውን ጤና ለካ፦ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ዙሩ ከፍ ሲል ከ13.5 እስከ 14.5። ከ15 ካለፈ ሬጉላተሩ (ቮልቱን የሚገድበው) ተበላሽቷልና እሱ ሳይቀየር ምንም ነገር አትግጠም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሁለቱ መነጋገሪያና አንድ ስልክ አንድ አንድ አምፔር ቢወስዱ በ5 ቮልት 15 ዋት ይሆናል። የመቀነሻው ብክነት ሲጨመር ከባትሪው 1.5 አምፔር አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ 3 አምፔር ፊውዝ፣ ሽቦው ከ0.75 እስከ 1 ካሬ ሚሊሜትር። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር አይራቅ፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ቢላጥና ሻንሲውን (የሞተሩን ብረት አካል) ቢነካ የሚያድነው ነገር የለም። ኔጌቲቩንም ከሻንሲ ብሎን ሳይሆን ከራሱ ከባትሪው ውሰድ። ስትሠራ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍታ፣ መጨረሻ እሰር።

የዳሞት_ልጅ፦
ኤሌትራውቶ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በቀጥታ ከባትሪ ከወሰድከው መቀነሻው ሞተሩ ቆሞም ይበላል። ትንሿ መብራትና የቮልት ማሳያው ብቻ 20 ሚሊአምፔር ቢወስዱ በቀን ወደ ግማሽ አምፔር አወር ነው፤ ያንተ ባትሪ በ10 ቀን ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ባለ አራት እግር የ12 ቮልት ሪሌ (በትንሽ ኃይል ሌላ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ስዊች) አስገባበት። በእግሮቹ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ መቀነሻው ፖዘቲቭ፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ፣ 86 ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት ወደሚያገኝ ሽቦ። የፍሬን መብራቱን ስዊች የሚመግበው ሽቦ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ግን በቀለም አትመን፣ ቁልፉን እየከፈትክና እየዘጋህ ለካ። ለ1.5 አምፔር ሪሌ በዛ የሚል ይኖራል። እኔ ግን እመርጠዋለሁ፦ መቀነሻው ሾርት ቢያደርግ የራሱ ፊውዝ ብቻ ይቃጠላል፣ የሞተሩ ዋና ፊውዝ አይነካም፤ አባይ በረሃ መሀል ላይ ቆመህ አትቀርም።

መገጣጠሚያውን በሊድ ብቻ በይደህ አትተወው። በፒስታ መንገድ ንዝረት ሽቦው ሊዱ ካለቀበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። በፒንሳ የሚጨመቅ ተርሚናል ተጠቀምና በሙቀት የሚሰበሰብ ላስቲክ አልብሰው። ናስትሮ ብቻውን በክረምት ዝናብ ይላቀቃል። ሽቦውን ከማሰርህ በፊት መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙር፤ የትም እንዳይወጠር።

ጮቄ_150፦
ለካሁት፣ ኤሲ ነው። እንዳላችሁት በሪሌ ከባትሪ ወሰድኩት፤ አሁን አይግልም፣ ሚኒሞ ላይም አይቆርጥም። ፉጨቱ ግን ቀንሶ እንጂ አልጠፋም። ስልኩ ለካርታ ከመነጋገሪያው ጋር በድምፅ ገመድ ተያይዟል።

ኤሌትራውቶ_ቡሬ፦
ያ ገመድ ነው። ስልኩም መነጋገሪያውም ከአንድ መቀነሻ ኔጌቲቭ ይበላሉ፣ በድምፅ ገመዱ ደግሞ ኔጌቲቫቸው እንደገና ይገናኛል፤ በዚያ ክብ የዲናሞው ጩኸት ጆሮ ውስጥ ይገባል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት መነጋገሪያውን ከፓወር ባንክ አብላውና ሞተሩን አስነሳ። ፉጨቱ ከጠፋ ስልኩን በብሉቱዝ አገናኘው፣ ወይም በድምፅ ገመዱ መሀል ኔጌቲቭ የሚለይ ትንሽ ትራንስፎርመር አስገባ። በፓወር ባንክም ከቀጠለ፣ ድምፁም ፉጨት ሳይሆን ከዙር ጋር የሚፈጥን ጠቅ ጠቅ ከሆነ፣ የካንዴላ ብልጭታ ነው፤ ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ግጠም። ኤንጂኬ በሚባለው ካንዴላ ኮዱ ውስጥ «አር» ፊደል ያለበት ነው። የሙቀት ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን።

ሞጣ_መንገድ፦
ስለ ገመዱ ልጨምር። ከሄልሜት የሚወርደው ሽቦ ሲሳብ በቀላሉ የሚላቀቅ ይሁን፣ በአገጭ ማሰሪያው ላይ አትቋጥረው። የኋላው ሰው ረስቶ ሲወርድ ወይም ሞተሩ ሲወድቅ ሶኬቱ ይውጣ እንጂ አንገት አይያዝ። የመቀነሻው አፍ ወደ ታች ይዙር፣ ክዳንም ይኑረው፤ የጮቄ ተራራ ዝናብ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከጎማውም ይረጫል።