ልቧ የታመመ ድመት ከመጠለያ ለተቀበሉ እህታችን

ጥያቄ

የተከበራችሁ የማህበረሰባችን አባላት፣ ከአንድ ወር በፊት ከእንስሳት መጠለያ አንዲት ድመት ተቀብዬ ወደ ቤቴ አመጣሁ። ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ገደማ እንደሚሆን ተነግሮኛል፤ ከዚያ በፊት የት እንደኖረችና ማን ያሳድጋት እንደነበር የሚያውቅ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ስለተገኘ አንድ ሌሊት በኦክስጅን አደረች። በአልትራሳውንድ ስትታይ የልቧ ጡንቻ ከመጠን በላይ መወፈሩና የግራው የላይኛው የልብ ክፍል በጣም መስፋቱ ታወቀ። አሁን ፉሮሴማይድና ክሎፒዶግሬል የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ታዝዘውላታል።

የምኖረው ብቻዬን ነው፤ በሳምንት አራት ቀን የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ድመቷ ገና አልለመደችኝም፤ መድኃኒቱን ይዤ ካየችኝ አልጋ ሥር ትገባለች። ሐኪሟ ያስረዳችኝን ሁሉ በተማርሁት ቋንቋ ስለሰማሁት የገባኝም ያልገባኝም አለ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለች ድመት ያስታመመ ካለ፣ ቤት ውስጥ ምን መከታተል እንዳለብኝ፣ መድኃኒቱን ሳላስፈራራት እንዴት እንደምሰጣት፣ መቼስ ሳልዘገይ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሮጥ እንደሚገባኝ ቢያስረዳኝ ውለታው አይጠፋብኝም።

መልስ

እህታችን፣ እኔም ከመጠለያ የመጣች፣ ተመሳሳይ ሕመም የነበረባት ድመት ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ አስታምሜአለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈውም የሐኪሟን ትእዛዝ የሚተካ ሳይሆን ትእዛዙን ቤት ውስጥ ለመፈጸም የሚያግዝ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ለእርስዎ ድመት ፍርሃት ራሱ ከሕመሙ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። የታመመ ልብ ደንግጦ በፍጥነት ሲመታ በሁለት ምቶች መካከል በደም የሚሞላበት ጊዜ ያጥርበታል። ስለዚህ መድኃኒቱን መስጠት ብቻ ሳይሆን ሳያስጨንቁ መስጠትም ሕክምና ነው።

ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ሕመሙ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የሚባለው ይመስለኛል፤ ድመቶችን ከሚይዙ የልብ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው እርሱ ነው። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ልብ በተፍታታበት ቅጽበት ሲለካ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በአብዛኛው እንደ ወፈረ ይቆጠራል። የወፈረው ጡንቻ ደሙን ለመግፋት ብዙ አይቸገርም፤ የሚቸገረው ተፍታትቶ ደም ለመቀበል ነው። መግቢያ ያጣው ደም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ በመጀመሪያ የግራውን የላይኛው ክፍል ይለጥጠዋል፤ ግፊቱ ወደ ሳንባ የደም ሥሮች ሲተላለፍ ደግሞ ፈሳሽ ወደ ሳንባዋ ወይም በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ወዳለው ክፍተት ይሰርጋል። በተለጠጠው ክፍል ውስጥ ደሙ ስለሚዘገይ ሊረጋ ይችላል። ሁለቱ መድኃኒቶች የታዘዙት ለእነዚህ ሁለት አደጋዎች ነው፤ ፉሮሴማይድ ፈሳሹን በሽንት ያስወጣል፣ ክሎፒዶግሬል ደም እንዳይረጋ ያግዛል። ጡንቻውን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ግን ከሁለቱ አንዱም አይደለም።

ሐኪሟን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ የደም ግፊቷና የታይሮይድ ሆርሞኗ ተለክቷል ወይ? ሁለቱም ሲጨምሩ የልብን ግድግዳ ሊያወፍሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ ሕክምና አላቸው። በወረቀትዎ ላይ “ሲ” የሚል የደረጃ ፊደል ካዩም አይደናገጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የእንስሳት ሐኪሞች የጋራ መመሪያ መሠረት “ቢ” ማለት ልቡ ታሞ ምልክት ያላሳየ፣ “ሲ” ማለት አንድ ጊዜ የልብ ድካም ወይም የደም መርጋት የደረሰበት፣ “ዲ” ማለት መድኃኒት እየተሰጠው ድካሙ ያልታገሠለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ድመት ሕመሟን ሸሻጊ ናት። ውሻ ልቡ ሲደክም ብዙ ጊዜ ያስላል፤ ድመት ግን በልብ ድካም እምብዛም አታስልም፤ ዝም ብላ ጥግ ትይዛለች። እኔ ድመቴ ከመስኮቱ ወርዳ ወለል ላይ መተኛት ስትጀምር ቤቱን ስለለመደች ነው ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ለካስ መዝለሉ አድክሟት ነው። ከዚያ በኋላ የተማመንሁበት ነገር ቢኖር በእንቅልፍዋ ላይ ትንፋሽዋን መቁጠር ነው። ድመቷ በደንብ ተኝታ ሳለ፣ ስታንኮራፋ ወይም በሕልሟ ስትወራጭ ሳይሆን ረጋ ስትል፣ ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙት። በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። የእኔዋ ደኅና በነበረችባቸው ቀናት ከ18 እስከ 22 ነበረች። የእርስዎዋን መደበኛ ቁጥር ለማወቅ በየቀኑ እየቆጠሩ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ፤ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ተኝታ የሚያገኟት ከሆነ ያ ሰዓት ለመቁጠር በጣም የተመቸ ነው። ቁጥሩ ከ30 ካለፈ ጥቂት ቆይተው ደግመው ይቁጠሩ፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ይደውሉ። 40 ከደረሰ ወይም ሆዷ ከትንፋሽዋ ጋር እየተሳበ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። ይህን ዘዴ የወደድሁበት ሌላው ምክንያት ድመቷን መንካት እንኳ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነም ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም፤ “ትናንት 24፣ ዛሬ 38” ካሏቸው ማንም ሐኪም ይረዳዎታል።

ስለ መድኃኒቱ አሰጣጥ። ክሎፒዶግሬል እጅግ መራራ ነው፤ ለድመት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የ75 ሚሊግራሙ ክኒን ሩብ፣ ማለትም 18.75 ሚሊግራም ሲሆን፣ የተቆረሰው ጎኑ ምላሷን ከነካ አፏ አረፋ ይደፍቃል። ድመትዎ አልጋ ሥር የምትገባው ምናልባት እርስዎን ሳይሆን ያንን ምሬት ሸሽታ ነው። ከፋርማሲ ትንንሽ ባዶ የጄላቲን ካፕሱሎች ይግዙና ቁራሹን ከውስጥ ያስገቡት፤ ከተቻለ ፉሮሴማይዱንም አብረው። ካዋጧት በኋላ ክኒኑ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይቀር በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጥቂት ውሃ በአፏ ጎን ጠብ ያድርጉላት ወይም ወዲያው የምትወደውን እርጥብ ምግብ ያስልሷት። መድኃኒቱን በዋናው ምግቧ ውስጥ አይደብቁ፤ አንድ ጊዜ ከነቃችበት ምግቡን ጭምር ልትተወው ትችላለች፤ ለልብ ሕመምተኛ ድመት ደግሞ አለመብላት ትልቅ ጉዳት ነው።

ከመደበቂያዋ ጎትተው አያውጧት። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ይህንን ስሕተት ሠርቼ ለአሥር ቀን እጄን ባየች ቁጥር ትሸሽ ነበር። ያስተካከልሁት በቀን ብዙ ጊዜ ባዶ እጄን ወደ አገጯ አስጠግቼ፣ አገጯን ዳስሼ፣ ምንም መድኃኒት ሳልሰጣት ጣፋጭ ቁራሽ አስቀምጬላት በመሄድ ነው። ከአምስት መቅረብ አራቱ ያለ ክኒን ሲሆኑ እጄ ማስፈራራቱን ተወ። ቦታውም ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ የምትተኛበትና የምትደበቅበት ስፍራ ግን መድኃኒት የማይደርስበት ሆኖ ይቆይላት።

ፉሮሴማይድ በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ የታዘዘው፣ በፈረቃውም በዕረፍት ቀንም ቤት የሚገኙባቸውን ሁለት ሰዓቶች ይምረጡና ለሐኪሟ አስታውቀው ያጽድቁ። አንዱ ቢያመልጥዎ በሚቀጥለው ላይ ደርበው አይስጡ፤ ደውለው ይጠይቁ። መድኃኒቱ ስለሚያስጠማትና ስለሚያሸናት ውሃዋ አይጉደል፤ የመጸዳጃ ሳጥኗም ቶሎ ቶሎ ይጽዳ። ኩላሊቷንና በደሟ ውስጥ ያለውን ፖታስየም ለማየት በየጊዜው ደም መስጠቷ አይቀርም፤ እነዚያን ቀጠሮዎች አይዝለሉ። ለጉዞ የምትጠቀሙበትን ሳጥን ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆልፉት፤ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ፎጣ ተነጥፎበት ቤት ውስጥ ቢቀመጥ፣ የሐኪም ቤት መንገድ የሚጀምረው ከምታውቀው መኝታዋ ይሆናል።

ሳይዘገዩ መሮጥ ያለብዎ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ፣ ክርኖቿን ወደ ውጭ ከፍታ አንገቷን ዘርግታ ስትቀመጥ፣ ድዷ ሲገረጣ ወይም ሲጠቁር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በድንገት ጮኻ የኋላ እግሮቿን ስትጎትት ነው። ያን ጊዜ ከልቧ የተነሣ የረጋ ደም ወደ ኋላ እግሮች የሚከፈለውን ታላቅ የደም ሥር ዘግቶታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እግሮቿ ይቀዘቅዛሉ፣ ሕመሙም እጅግ ብርቱ ነው። አያሹት፣ በሙቅ ነገርም አይሸፍኑት፤ የሕመም ማስታገሻ ወደሚሰጣት ሐኪም ይውሰዷት።

ሌላ ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር፣ የጥርስም ይሁን የሆድ ጉዳይ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርዎ “የልብ ሕመምተኛ ናት” የሚል ይሁን። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በአንድ ቅዳሜ አስመልሷት ከወሰድሁበት ሐኪም ቤት ስለ ልቧ ሳልናገር በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣት፤ እሑድ ማታ ትንፋሽዋ 52 ደረሰ። ፈሳሽ፣ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የስቴሮይድ መርፌና ማደንዘዣ የደከመ ልብን ሊያናውጡ ስለሚችሉ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስለ ምግቧ ብዙ አልልም፤ ጨው የበዛበትን ይቀንሱ እንጂ የምትወደውን ትብላ። ቤት ውስጥ የሚበስል ምግብ ብቻ እሰጣታለሁ ካሉ ግን ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይጎድላት ሐኪሟን ያማክሩ። የታውሪን እጥረት የድመትን ልብ እንደሚያሰፋና እንደሚያደክም እ.ኤ.አ. በ1987 ከተረጋገጠ ወዲህ ለድመት የሚሸጡ የተሟሉ ምግቦች ይህንን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን እንዲይዙ ይደረጋል።

ተጨማሪ ጥያቄ ከሌላ አባል

ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ ሦስት ነገር ልጠይቅ። አባቴ እነዚሁኑ ሁለት መድኃኒቶች ይወስዳሉ፤ ሲቸግር ከእርሳቸው ቆርሶ መስጠት ይቻላል? አስፕሪንስ? ሁለተኛ፣ የእኔ ድመት ጤነኛ ትመስላለች፤ ላስመርምራት? ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው ሰው ቤተሰብ ለመጠየቅ አንድ ወር ሲሄድ ምን ያደርጋል?

መልስ

መድኃኒቶቹ በመሠረቱ ለሰው የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አራት ኪሎ ለምትመዝን ፍጡር በግምት የተቆረሰ ክኒን በቀላሉ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ በሐኪም የተጻፈ መጠን ሳይኖር አይሞከርም። አስፕሪንን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ ደም ረግቶባቸው የተረፉ ድመቶችን ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ክሎፒዶግሬል በወሰዱት ዘንድ ሕመሙ እስኪመለስ የነበረው ጊዜ መካከለኛ ልኩ 443 ቀን፣ አስፕሪን በወሰዱት 192 ቀን መሆኑን አግኝቷል። ፓራሲታሞል ግን ለማንም ድመት፣ በምንም መጠን አይሰጥ፤ ይገድላል።

ስለ ምርመራው፣ ሕመሙ ከመቶ ድመቶች በግምት 15 በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ ይነገራል፤ ብዙዎቹ ምንም ሳይታይባቸው ይኖራሉ። በማዳመጫ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ኖሮባቸው ልባቸው ጤነኛ የሆነ አሉ፣ ድምፅ ሳይኖርም የታመሙ አሉ። ለዚህ ሕመም ከሚጋለጡት ከሜይን ኩን ወይም ከራግዶል የድመት ዘር ከሆነች፣ ወይም ለማደንዘዣ ልትቀርብ ከሆነ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማድረጉ ተገቢ ይመስለኛል። ቶሎ ማወቁም አሁን ከቀድሞው ይልቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሲሮሊመስ የተባለ ክኒን በዚህ ሕመም ተይዘው ምልክት ላላሳዩ ድመቶች በጊዜያዊ ሁኔታዊ ፈቃድ አጽድቋል። እህታችን እንዳይጓጉ ግን፣ ፈቃዱ የልብ ድካም ለደረሰባቸው አይደለም።

ስለ ጉዞው፣ ድመቷ ወደ ሌላ ቤት ከምትወሰድ ጠባቂው ወደ ቤቷ ቢመጣ ይሻላል። ሰውየው ከመሄድዎ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እየተመላለሰ እርስዎ ባሉበት ክኒን ሲሰጥ፣ ትንፋሽም ሲቆጥር ይታይ። አንድ ወረቀት ላይ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የተለመደውን የትንፋሽ ቁጥሯን፣ ሌሊት የሚሠራውን የእንስሳት ድንገተኛ ሕክምና አድራሻ ይጻፉለት። ሐኪም ቤቱ እርስዎ በሌሉበት ውሳኔውን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ጠባቂው በስምዎ ሕክምና መጠየቅ እንደሚችል ፈርመው ቅጂውን አስቀድመው ለሐኪም ቤቱ ይስጡ።

ለመጻፍ የሚከብደው የመጨረሻው መስመር ነው። ስልክዎ በማይሠራበት ሰዓት የኋላ እግሮቿ ቢያዙና ሐኪሙ ከሥቃይዋ በቀር የሚያተርፍላት የለም ቢል ምን ይደረግ? እኔ ያንን ካልጻፍሁት ለጠባቂዋ ወዳጄ ሸክሙን ሁሉ ጥዬበት መሄዴ መሆኑ ስለገባኝ፣ ከሐኪሟ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ “ሕመሟን ማስታገስ ካልተቻለ፣ እኔን ሳትጠብቁ ያለ ሥቃይ እንድታንቀላፋ ይደረግ” ብዬ ጽፌ ፈረምሁበት። በዚያ ጉዞ ወረቀቱ አላስፈለገም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሥራ ላይ ሳለሁ አስፈለገ፣ ወዳጄም እንደተጻፈው አደረገ።