ከፖሊኢትሊን አንቲኦክሲዳንት ለማውጣት የትኛው አሟሚ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፖሊኢትሊን ፊልም ውስጥ አንቲኦክሲዳንቱን (ፕላስቲኩን ኦክሲጅን እንዳያበላሸው የሚጨመረውን ንጥረ ነገር) አውጥቼ መጠኑን ለመለካት እየሞከርኩ ነው። ሜታኖል ውስጥ ብዙ ሰዓት አቆየሁት፤ የወጣው ግን ከጠበቅኩት ግማሽ እንኳን አይሞላም። ቶሉዊን አፍልቼ ስሞክር ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ ሟሟ፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ሙጫ ረጋብኝ። በሶሉቢሊቲ ፓራሜትር መምረጥ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ነው የሚሠራበት?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ የሁለቱም ሙከራ ችግር ከቁጥሩ ላይ ይታያል። ፓራሜትሩ የሚነግርህ የአንድ ነገር ሞለኪውሎች እርስ በርስ ምን ያህል አጥብቀው እንደሚሳሳቡ ነው። ቁጥራቸው የተቀራረበ ነገሮች ይዋሃዳሉ። በሜጋፓስካል ካሬ ሥር ሲለካ ፖሊኢትሊን ከ16 እስከ 17 አካባቢ ነው፤ ሜታኖል ግን 29.6። እንዲህ ሲራራቁ አሟሚው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ላይ ላዩን አጥቦ ይቀራል። ቶሉዊን 18.2 ስለሆነ በጣም ይቀርባል። በቀዝቃዛው የፕላስቲኩ ክሪስታል (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው የተጣበቁበት ክፍል) እንዳይሟሟ ይይዘዋል፤ ሲሞቅ ግን ይለቃል። አንተ የምትፈልገው መሃሉን ነው፤ ፕላስቲኩን አሳብጦ የማያሟሟ፣ አንቲኦክሲዳንቱን ግን በደንብ የሚያሟሟ።

መልስ 2፦
ሁለት አሟሚ ደባልቅ። አይሶፕሮፓኖል 23.5፣ ሳይክሎሄክሴን 16.8 ነው። የድብልቁ ቁጥር በይዘት ድርሻቸው ይሰላል፤ 75 ለ25 ካደረግከው 21.8 ገደማ ይመጣል። ሳይክሎሄክሴኑ ፕላስቲኩን ያሳብጣል፣ አልኮሉ ደግሞ ከልክ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ለፖሊኢትሊን እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሁለቱም በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ እሳት አጠገባቸው አይድረስ።

መልስ 3፦
በአንድ ቁጥር ብቻ ግን እንዳትተማመን። ኤታኖል 26.5፣ ናይትሮሜቴን 25.1 ነው። ጎረቤት ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የኤታኖል የመሳሳብ ጉልበት በአብዛኛው ከሃይድሮጅን ቦንድ (የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን በሌላው ኦክሲጅን ከመሳቡ) ነው፤ የናይትሮሜቴን ደግሞ ከፖላርነቱ (የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ከመሆኑ)። ተመራማሪው ሀንሰን በ1967 ቁጥሩን ሦስት ቦታ የከፈለው ለዚህ ነው፦ የዲስፐርሽን (በሁሉም ሞለኪውሎች መካከል ያለ ደካማ መሳሳብ)፣ የፖላርነትና የሃይድሮጅን ቦንድ። በሦስቱም አወዳድር። ደግሞም ቁጥሩ ይሟሟል ወይስ አይሟሟም የሚለውን እንጂ ፍጥነቱን አይነግርህም። ፍጥነቱ ያለው በሙቀቱና በፕላስቲኩ ውፍረት ላይ ነው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! ፊልሙን ቆራረጥኩት እንጂ አልፈጨሁትም ነበር። ወጥቶ ማለቁንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ 2፦
በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘህ ፍጨው፤ ያለዚያ ሙቀቱ ያጣብቀዋል። ከዚያ ያንኑ ናሙና በአዲስ አሟሚ ድገመው። አሁንም የሚለካ ነገር ከወጣ አላለቀም ማለት ነው።

መልስ 3፦
አንቲኦክሲዳንቱ ፎስፋይት (ፎስፈረስ ያለበት ዓይነት) ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ፕላስቲኩ በሙቀት ሲሠራ ከፊሉ ኦክሲጅን ይዞ ወደ ፎስፌት ይቀየራል። ሁለቱንም ለክተህ ደምር። አለዚያ የተቀየረውን ሳይወጣ የቀረ ይመስልሃል።