ጉበቱን የታመመ ሰው ጨጓራው ለምን ይደማል?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። አባቴ የጉበት ሲሮሲስ (ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ መጠንከር) አለበት፣ ከሳምንት በፊት ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ውስጡን ማየት) ሲሰራ የምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት ደም ስሮች አብጠዋል ብለው ሦስቱን በላስቲክ አሰሯቸው፣ ጨጓራውም ተጎድቷል አሉ። ፕሮፕራኖሎል የሚባል የግፊት መድኃኒትና አይረን (የብረት እንክብል) ነው የሚወስደው። ቆይ ጉበት ሲታመም ጨጓራ ምን አገባው? ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰገራው ጠቁሯል፣ እሱ ከአይረኑ ነው ይለኛል፣ ሲነሳ ያዞረኛል ፕሮፕራኖሎሉን ልተወው እያለም ነው፣ በጣም ጨንቆኛል

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦
እህቴ መጀመሪያ ሰገራውን እንያዝ። አይረን ሰገራ ያጠቁራል እውነት ነው፣ ደም ሲሆን ግን እንደ ሬንጅ ያብለጨልጫል፣ ይጣበቃል፣ ውሃ ሲለቀቅበት እንኳ ቶሎ አይሄድም፣ ሽታውን ደግሞ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ግን አንቺ በዓይንሽ ለመለየት አትድከሚ! የታሰረው ላስቲክ ሳምንት ገደማ ላይ ሲወድቅ ቁስል ይተዋል፣ ያ ቁስል ሊደማ ይችላል፣ በዛ ላይ ያዞረዋል እያልሽ ነው። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፣ ነገ አትበይ። ደም ካስመለሰው ወይ ከተደናበረና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አምቡላንስ ጥሪ፣ አንጀት ውስጥ የፈሰሰ ደም የጉበት በሽተኛን አእምሮ ያደነዝዛል።

ፕሮፕራኖሎሉን በራሱ አያቁም፣ ያበጡት ደም ስሮች ላይ ያለውን ግፊት የሚቀንስለት እሱ ነው። የዛሬውን ግን ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትስጪው፣ እየደማ ከሆነ ወይ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 በታች ከሆነ እነሱ ያቆሙታል።

የአባቷ ልጅ፦
እሺ እየወጣን ነው

እናቴን ያስታመምኩ፦
እግዚአብሔር ይማረው። ጥያቄሽን እኔም ጠይቄው ነበር። ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም ፖርታል በሚባል አንድ ትልቅ ደም ስር ነው ወደ ጉበት የሚገባው፣ ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ሲጠነክር ደሙ ማለፊያ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ በጨጓራና በምግብ ቧንቧ ቀጫጭን ስሮች ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ ለዛ አልተሰሩም። ደሙ በጉበት ሲያልፍ የሚለካው ግፊት በጤነኛ ሰው ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም፣ ከ10 ሲያልፍ ስሮቹ ያብጣሉ፣ 12 ሲደርስ የመድማት አደጋ ይመጣል።

የእናቴ ጨጓራ በስክሪኑ ላይ ልክ የእባብ ቆዳ ይመስል ነበር፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት። ደም አስመልሳ አታውቅም፣ ግን ቀስ እያለ ይደማ ስለነበር ሄሞግሎቢኗ (የደሟ መጠን መለኪያ) ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ጨጓራ ነው ብለን ለወራት ኦሜፕራዞል ስንሰጣት ከረምን፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ኦሜፕራዞል አሲድ ነው የሚቀንስ፣ ግፊቱን አይነካውም፣ ላስቲክ ከታሰረ በኋላ ለቁስሉ ለጥቂት ቀን ቢሰጡት ግን ልክ ነው። ለወገቡም ለራስ ምታቱም ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን የሚባል ማስታገሻ እንዳትሰጪው።

የአባቷ ልጅ፦
ደርሰናል፣ ሄሞግሎቢኑ 6.8 ነው፣ ደም እየተሰጠው ነው፣ አንቲባዮቲክና ኦክትሪዮታይድ የሚባል መድማቱን የሚቀንስ መድኃኒትም ጀመሩለት። ማታ ኢንዶስኮፒ ይገባል። ነርሷ ተባረኪ፣ እኔ እኮ እስከ ሰኞ ልጠብቅ ነበር

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦
ጎበዝ። ሲወጣ ቀጣዩ ላስቲክ መቼ እንደሆነ ቀኑን ጠይቂ፣ ስሮቹ እስኪጠፉ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል