አዲስ ዘፈን ጣል አርጉልኝ፣ ፐንክም ይሁን ፖፕም መዝሙርም

ባቡር_ላይ_ነኝ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ስራዬ ደሞ ቨርጂኒያ ስለሆነ ደርሶ መልስ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ባቡር ላይ ነኝ፣ ፕሌይሊስቴን ከመደጋገሜ የተነሳ ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን ገና ሳይጀምር ማንጎራጎር ጀምሬያለሁ። ስለዚህ አዲስ አዲሱን ወዲህ በሉ። ቀድሜ ልናገር ግን የኔ ጆሮ ቅጥ የለውም፣ ፐንክ (ያ ፈጣን ጩኸታም ሮክ) ይሰማል፣ ፖፕ ይሰማል፣ ከዛ ዞሮ መዝሙር ይሰማል፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የተከመረው። ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንመለስ ስልኬ ከመኪናው ጋ ኮኔክት ሆኖ ነበር፣ መዝሙሩ አለቀና ያ ጊታር ድንገት ሲያጓራ እማዬ «በኢየሱስ ስም! ይሄን ልጅ ምን አገኘው?» አለች፣ ዘፋኙን ይሁን እኔን አላወቅኩም።

ከራሴ ልጀምር። ፐንክ ላይ ተርንስታይል። የባልቲሞር ልጆች ናቸው፣ ማለት ከኛ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። «ኔቨር ኢናፍ» የሚለው አልበማቸው ጁን 2025 ወጣ፣ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው እዛው ባልቲሞር ዋይማን ፓርክ ዴል የሚባል መናፈሻ ውስጥ በነጻ ተጫወቱ፣ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ህክምና ለሚሰጥ ድርጅት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። ሄጄ ነበር፣ አንድ እግር ጫማ ጥዬ ተመለስኩ። ሰው በሰው ላይ ይዘላል፣ የወደቀ ሲኖር ደሞ አስር ሰው ተረባርቦ ያነሳዋል። ከአልበሙ «ሉክ አውት ፎር ሚ»ን ስሙት፣ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፣ ፐንክ ከመቼ ወዲህ ነው ስድስት ደቂቃ የሚሆነው የምትሉ ካላችሁ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን ጩኸቱ ቀስ እያለ ይጠፋና በመጨረሻ የዳንስ ቤት ምት ይሆናል፣ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ እዛች ጋ ከገጠመላችሁ በቃ።

ፖፕ ላይ የቢሊ አይሊሽ «በርድስ ኦፍ ኤ ፌዘር»፣ 2024 ነው ግን አልሰለቸኝም። ተርንስታይልም «በርድስ» የሚል አላቸው፣ ፕሌይሊስቴ ላይ ወፍ በዝቷል።

መዝሙር ላይ ብራንደን ሌክ፣ «ሃርድ ፎውት ሃሌሉያ»። 2024 መጨረሻ ላይ ብቻውን አወጣው፣ 2025 መጀመሪያ ላይ ደሞ ከጄሊ ሮል ጋ ደገመው፣ እኔ የሁለቱን ነው ምወደው። ጄሊ ሮል ወጣትነቱን እስር ቤት ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፣ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ሃሌሉያ ሲል ጥርት ብሎ አይወጣለትም እየገፋ ነው የሚያወጣው፣ ርዕሱም ታግዬ ያመጣሁት ሃሌሉያ እንደማለት ስለሆነ ያ ድምፅ ልክ ይሆናል። እማዬ ወዳዋለች። ፊቱ ላይ ያለውን ንቅሳት አላሳየኋትም።

ገላን_ኮንዶ፦
ሃሃሃ እማማን ሰላም በልልኝ። እኔ ፐንክ ምናምን አላውቅም፣ እኛ ብሎክ ግን አሁንም ያልወጣው የሮዜና የብሩኖ ማርስ «አፓቱ» ነው። ኦክቶበር 2024 የወጣ ዘፈን አሮጌ ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፣ ለታናሽ እህቴ ንገሯት፣ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ትጀምራለች ማታ እስክትተኛ ነው። በኮሪያኛ አፓርታማ ማለት ነው አሉ፣ የኮንዶሚኒየም ልጆች በምን አወቁት ብዬ ገረመኝ። መጠጥ ቤት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ሚያውቅ አለ? በሚሪንዳ ልናደርገው ነው።

ካሴት_ሰብሳቢ፦
@ባቡር_ላይ_ነኝ አንተ ልጅ ዲሲ አጠገብ ተቀምጠህ ስለ ፐንክ ስታወራ ባድ ብሬንስን ሳትጠራ ታልፋለህ?? የዲሲ ጥቁር ልጆች፣ ራስታዎች፣ እንደ መብረቅ እየፈጠኑ ተጫውተው ድንገት ወደ ሬጌ የሚገቡ። 1982 ላይ በካሴት ብቻ የወጣው አልበማቸው ሽፋኑ ቢጫ ነው፣ ካፒቶሉ (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) አናት ላይ መብረቅ ሲወርድ፣ ቀለሙም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። እነሱ «ጃ» ሲሉ የኛን ጃንሆይ ማለታቸው ነው እኮ። እና ፐንክና መዝሙር አንድ ላይ መደባለቅ ያንተ ችግር ብቻ አይደለም ወንድሜ፣ እነሱ አንድ ካሴት ላይ ጨርሰውታል።

ባቡር_ላይ_ነኝ፦
አዲስ ነው ያልኩት ጌታዬ 😂 1982 እኔ አልተወለድኩም። ግን ዛሬ ማታ እሰማዋለሁ።

ዝም_ብዬ_ልጠይቅ፦
ቆይ ጴንጤ ሆነህ ዘፈን ትሰማለህ?

ባቡር_ላይ_ነኝ፦
መጣ ጥያቄው። ይሄን እማዬም በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች ተራህን ጠብቅ።

የሰንበት_ተማሪ፦
እኔ ደሞ በሌላ በኩል ልምጣና፣ ሳትቆጡ፣ ጊታርና ድራም እየተደበደበ መዝሙር ሲባል ለኔ አይዋጥልኝም። ያደግኩት በከበሮና በመሰንቆ ነው፣ ሁዳዴ ሲገባ ደሞ ጆሮዬ ላይ ከበገና ሌላ የለም፣ ያ ድዝዝዝ የሚለው አውታር ብቻውን ያስለቅሳል። ጄሊ ሮል የምትለውን አሁን ሰማሁት፣ ሰውዬው ከልቡ ነው አልክድም፣ ግን መዝሙር አልለውም፣ ምስክርነት ልበለው።

ፐንክ ላይ ግን እስማማለሁ (ሰው ሁሉ ደካማ ጎን አለው)። የሎስ አንጀለስ ልጆች ዘ ሊንዳ ሊንዳስን ታውቋቸዋላችሁ? አራት ሴቶች ናቸው፣ በ2021 ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲጫወቱ የተቀረፀው ቪዲዮ ነው ዓለም ያወቃቸው፣ ያኔ ትንሿ ገና የአስር ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለተኛ አልበማቸው «ኖ ኦብሊጌሽን» ኦክቶበር 2024 ወጣ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ጸጥታ ይከበር» በሚባልበት ቦታ እንደዛ መጮህ ራሱ ደስ አይልም?

ሻርጃ_ነኝ፦
ሰላም እህት ወንድሞቼ፣ እኔ የሰው ቤት ነው ምሰራው፣ ልብስ ስተኩስ አንድ ጆሮዬ ላይ ኤርፎን አለ፣ ሁለቱን አላደርግም ስጠራ እንድሰማ። የኔ የነሊሊ ቃልኪዳን ጥላሁንና አስቴር አበበ ነው፣ አዲስ ሲያወጡ እሰማለሁ አሮጌውንም እሰማለሁ፣ ለኔ መዝሙር አያረጅም። የብራንደኑን እንግሊዝኛውን ብዙ ባልይዘውም ሃሌሉያው ገባኝ፣ ሁለቴ ደገምኩት።

@ገላን_ኮንዶ የአፓቱን ጨዋታ እኔ አውቀዋለሁ፣ የዚህ ቤት ልጆች አስተምረውኛል። ሁላችሁም ሁለት ሁለት እጃችሁን አንዱ ባንዱ ላይ ትደራርባላችሁ፣ ልክ እንደ ፎቅ። አንዷ ቁጥር ትጠራለች። ከዛ ከታች ያለው እጅ እየወጣ ከላይ ይጫናል፣ አንድ ሁለት እየተባለ፣ የተጠራው ፎቅ ላይ የደረሰ እጅ የማን እንደሆነ እሱ ይጠጣል። እኛ በጁስ ነው። የኔ እጅ ሁሌም ይያዛል፣ ይተባበሩብኛል መሰለኝ።

ገላን_ኮንዶ፦
ውይ የኔ ቆንጆ ተባረኪ!! አንድ ቀን አብረን እንጫወታለን ኮንዶዬ አራተኛ ፎቅ ነው ብቻ ሊፍት የለውም።

ጡረተኛው፦
ልጆች እንደምን አላችሁ። ስለ ፐንክ ብዙ አላውቅም፣ የማውቀው ግን አንድ ነገር አለ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራው ጌታቸው መኩሪያ። ሳክስፎን ይዞ ሽለላና ፉከራ የሚያወርድ ሰው ነበር፣ ንፋሱን ሲለቀው ፈረስ ላይ ያለ አርበኛ ነው የሚመስላችሁ። ይህ ሰው በስተርጅና ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፐንኮች ጋር ገጠመ። ከ1979 ጀምሮ የሚጮኹ ሰዎች ናቸው፣ ኢትዮጵያም መጥተው ዞረው ተጫውተዋል። አብረን እንቅረጽ ብሎ የጠየቃቸው እሱ ራሱ ነው፣ «ሞዓ አንበሳ» የሚለው በ2006 ወጣ። እንግዲህ ሽለላ ምንድነው፣ በጩኸት ልብ ማስነሳት አይደለም ወይ፣ እነሱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ገባቸው። ጌታቸው በ2016 አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። እነሱ አሁንም አሉ፣ በ2025 አዲስ አልበም አውጥተዋል፣ አዲስ ለምትሉት ያንን ስሙ። እኔ ግን ከ«ሞዓ አንበሳ» ላይ «ቼ በለው»ን ነው የምላችሁ።

ባቡር_ላይ_ነኝ፦
ጋሼ እጅ ነስቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ነው እስካሁን ዝም ያሉት? ትናንት መኪና ውስጥ «ቼ በለው»ን ለቀቅኩት። እማዬ መጀመሪያ ዘፈን አልሰማም ብዬሃለሁ አለች፣ ዘፈን አይደለም ሽለላ ነው አልኳት፣ ዝም አለች፣ ሳክስፎኑ ሲነሳ «ይሄማ ጌታቸው ነው» አለች፣ ስሙን ከየት አወቅሽው አላልኩም። ቤት ደርሰን ሞተር አጥፍቼ እስኪያልቅ ተቀመጥን። ከዛ በሩን ከፍታ እየወረደች «ከኋላ ያሉት ልጆች ግን ትንሽ ቀስ ቢሉለት ምን ነበረበት» አለች።

@የሰንበት_ተማሪ የሊንዳ ሊንዳስን ጀምሬያለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ ጎበዞች ናቸው። @ሻርጃ_ነኝ የሊሊን ከየትኛው ልጀምር?