በልደቱ ሥዕል ውስጥ ያሉት በሬና አህያ ከየት መጡ?

ጥያቄ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ለልደት በዓል በምእመናን ፊት የሚነበብ አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ፣ እንስሳትና ተፈጥሮ በጌታ ልደት ስላላቸው ስፍራ ልጽፍ አሰብሁ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ አላለፍሁም። በሥዕሉ ሁሉ ላይ ሕፃኑን በትንፋሻቸው የሚያሞቁት በሬና አህያ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አልተጠቀሱም። በማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይም ሰብአ ሰገል በግመል መጡ የሚል ቃል የለም። በሉቃስ ትረካ የማገኛቸው እረኞቹ ሌሊት ይጠብቁት የነበረው መንጋና በኋላ ለመሥዋዕት የታዘዙት ዋኖሶችና የርግብ ጫጩቶች ብቻ ናቸው።

ወንጌል ያልጠቀሳቸውን እንስሳት በዚያ ነበሩ ብዬ ብጽፍ በቃሉ ላይ መጨመር ይሆንብኛልን? ደግሞስ ጌታ የተወለደው ሰውን ለማዳን ከሆነ፣ በዓሉን ከእንስሳትና ከተፈጥሮ ጋር ማያያዝ ልጆችን ደስ ለማሰኘት የገባ ጌጥ ነው ወይስ ከምሥጢሩ ከራሱ የሚወጣ ነገር ነው? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ «ግርግም» በሚለው ቃል ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ግርግም ከብት የሚበላበት ነው፤ ሉቃስም ይህን ቃል በአንድ ትረካ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያነሣዋል፤ በቁጥር 7፣ በቁጥር 12 እና በቁጥር 16። በመካከለኛው ላይ መልአኩ ለእረኞቹ ምልክት አድርጎ የሰጣቸው ይህንኑ ነው። ወንጌላዊው ለጌጥ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ አይመላለስበትም ነበር።

በአማርኛ ስናነብ የሚያመልጠን አንድ ነገር አለ። በሉቃስ ላይ «ግርግም» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ፋትኔ» ሲሆን፣ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (የብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የግሪክኛ ትርጉም) በኢሳይያስ 1፥3 ላይ የተጠቀመውም ይኸው ቃል ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚያ ስፍራ «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም፥ ሕዝቤም አላስተዋለም» ስለሚል፣ አንዱ «ጋጣ» ሌላው «ግርግም» ሆኖ ዝምድናቸው ይሰወርብናል። ሁለቱን ጥቅሶች በግሪክኛ ያነብ የነበረ የጥንት ክርስቲያን ግን ጌታ በግርግም ተኛ ሲባል በሰማ ጊዜ ጌታቸውን ያወቁትን በሬና አህያ ማሰቡ አያስደንቅም። ራሱ ሉቃስም በምዕራፍ 13፥15 ላይ ጌታ ስለ ሰንበት ሲናገር በሬን፣ አህያንና ግርግምን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያገናኛቸዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ዕንባቆም 3፥2 ነው። ከእብራይስጡ የተተረጎመው አማርኛችን «በዓመታት መካከል» ሲል፣ ሰብዓ ሊቃናት ግን በሁለት እንስሳት መካከል ትታወቃለህ በሚል መልክ አንብበውታል፤ ልዩነቱ የመጣው የእብራይስጥ ፊደላቱ በሁለት መንገድ ሊነበቡ ስለሚችሉ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በተቀረጹ የድንጋይ የሬሳ ሣጥኖች ላይ ሕፃኑ በበሬና በአህያ መካከል ተኝቶ ይታያል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ድንግል ማርያም እንኳ ሳትኖር እንስሳቱ አሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ በማቴዎስ ስም የተጻፈ፣ ከቀኖና ውጭ የሆነ የላቲን መጽሐፍ ሁለቱንም ትንቢቶች ጠቅሶ እንስሳቱ ሲሰግዱ ይተርካል፤ ሥዕሉ ግን ከዚያ መጽሐፍ ይቀድማል።

ስለዚህ «ሉቃስ እንዲህ ጻፈ» እንዳይሉ እንጂ፣ «ቤተ ክርስቲያን ግርግሙን ከነቢያት ጋር አንብባ እንስሳቱን አየች» ቢሉ ከእውነት አይርቁም።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ አባቶች የኢሳይያስን ጥቅስ እንዴት እንደተረጎሙት ግን ልጨምር፤ ምክንያቱም በዚያ ውስጥ ጥቅምም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። የጥንቱ የእስክንድርያ መምህር ኦሪጀን በሬውን በሕጉ ንጹሕ፣ አህያውን ንጹሕ ያልሆነ እንስሳ አድርጎ ተረጎመ፤ አውግስጢኖስም በአንዱ እስራኤልን፣ በሌላው አሕዛብን አየ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እ.ኤ.አ. በ380 ገደማ በቁስጥንጥንያ ባሰማው የልደት ስብከት፣ ቃል የሌለው እንስሳ መስለህ ሳለህ በቃል የተመገብህበትን ግርግም አክብር ብሎ አድማጩን ይመክራል። የእስክንድርያው ቄርሎስ ደግሞ ሰው ክቡር ሆኖ ሳለ እንደ እንስሳ ስለ ሆነ፣ ወደ ግርግሙ ሲቀርብ በድርቆሽ ፈንታ የሕይወትን እንጀራ ያገኛል ይላል። ቤተ ልሔም በእብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት መሆኑን ስናስብ ትርጓሜው ይበልጥ ይጣፍጣል።

ሆኖም በዚህ ትርጓሜ ብቻ ከቆምን እንስሳቱ ከጽሑፍዎ ይጠፋሉ፤ በሬው እስራኤል፣ አህያው አሕዛብ ከሆነ በግርግሙ አጠገብ የቀረው ሰው ብቻ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መነሻ የማደርገው ዮሐንስ 1፥14ን ነው። ወንጌላዊው «ቃልም ሥጋ ሆነ» አለ። በቋንቋችን «ሥጋ ለባሽ» ስንል ሰውን ብቻ አንልም፤ እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ በዘፍጥረት 9 ቃል ኪዳን የገባው ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ ሳይሆን አብረውት ከመርከብ ከወጡት ወፎች፣ እንስሳትና አራዊት ሁሉ ጋር ነው። ጌታ ሰው ሆነ እንጂ እንስሳ አልሆነም፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውም ሰው ነው፤ ይህ ልዩነት ይጠበቅ። ነገር ግን የለበሰው ሥጋ የሚራብ፣ የሚበርደው፣ እናቱን የሚፈልግና የሚሞት ሥጋ ነው፤ በዚህም የምድር ፍጥረት ሁሉ ዘመዳችን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 8፥22 «ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን ድረስ አብሮ በመቃተትና በምጥ መኖሩን እናውቃለንና» ሲል የተናገረውን በልደት ዕለት ማንበብ ለእኔ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጥብኛል።

መልስ 3

እኔ የሥነ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ በልጅነቴ ግን ለብዙ ዓመታት ከብት ጠብቄአለሁ፤ ስለዚህ ግርግሙን ከእንስሳቱ በኩል ልመልከተው። ሁላችንም ለማርያምና ለዮሴፍ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ እንዳልተገኘ እናስታውሳለን። ሕፃን በግርግም ከተኛ ግን በዚያ ሌሊት የመብያ ስፍራውን የለቀቀ አለ ማለት ነው። የተራበ በሬ ድርቆሹ ላይ የተኛ ነገር ሲያገኝ በቀንዱ ገፍቶ ይጥላል ወይም አሽትቶ በትዕግሥት ይቆማል፤ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። በሥዕሎቹ ላይ በሬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ በማየው ጊዜ ሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ወንጌል ይህን እንደማይል አውቃለሁ፤ የማሰላስለው ግን እንዲህ ነው።

ይህን ከእኔ አስቀድሞ በተግባር የተረዳው ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሲዚው ፍራንቸስኮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1223 በጣሊያን በግሬቾ መንደር የልደትን ሌሊት ሲያከብር ግርግም በድርቆሽ አስሞልቶ በሬና አህያ አስመጣ፤ ቅዳሴውም በዚያው ተቀደሰ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው የቼላኖው ቶማስ እንደሚለው፣ ድርቆሹ በኋላ ተጠብቆ ለታመሙ እንስሳት መድኃኒት ሆኗል። ፍራንቸስኮስ ንጉሠ ነገሥቱን የማነጋገር ዕድል ባገኝ፣ በልደት ቀን ለወፎች እህል በየመንገዱ እንዲበተን፣ በሬዎችና አህዮችም ከወትሮው የበለጠ ገፈራ እንዲያገኙ ዐዋጅ እንዲወጣ እለምነው ነበር ይል እንደነበርም ተጽፏል። በጽሑፍዎ ውስጥ ለአድማጩ የሚሠራ ነገር መስጠት ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ መንጋውን ሁሉ የዋህና ደስተኛ አድርገው አይሳሉት። እረኞቹ ሌሊት የሚጠብቁት አራዊትና ሌባ ስላለ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 የተናገረው ተኩላ ከበግ ጋር የሚቀመጥበት ቀን ገና ተስፋ ነው።

ጠያቂው

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉን በሬና አህያው በሥዕሉ ላይ መኖራቸውን፣ በሉቃስ ላይ ግን አለመጠቀሳቸውን በግልጽ በመናገር እጀምራለሁ፤ ከዚያ «ጋጣ» እና «ግርግም» አንድ ቃል እንደነበሩ አሳይቼ ኢሳይያስን እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ «ሕዝቤም አላስተዋለም» የሚለውን ቆርጬ ልተወው አስቤ ነበርና። መብያ ስፍራውን ስለ ለቀቀው በሬ የተጻፈውን፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ከብት ጠብቆ ያደገ አንድ ሰው የላከልኝ ሐሳብ መሆኑን ገልጬ ላስገባው እወዳለሁ።